ኦቶ ቫላህ፤ የመዓዛ ዘይቶችን ስም ያጠራ የኬሚስትሪ ሊቅ

የዕጣንን ሽታ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያን ከጽናው፣ በመኖሪያ ቤት ቡና ሲፈላ ከማጨሻው የሚወጣው ጢስ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የተዋወቅነው ነው። ከዕጣኑ መገኛ አገሮች አንዱ ዋግ ኽምራ ነው። የአሞሌ ጨው ቅፍለት ያልፍባት ከነበረችው ከጥንታዊቷ የገበያ ከተማ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ፣ በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ፣ አፈሩ ስስ በሆነው ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ዋልያ መቀር የሚባለው የዕጣን ዛፍ ይበቅላል። ልጡ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ የሚነሣ ስለሆነ የዕፀዋት ሊቃውንት ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ብለው ሰይመውታል፤ ሁለተኛው ስም ወረቀት የሚያፈራ ማለት ነው። በበጋ ወራት ግንዱ በስለት ሲፋቅ ነጭ ወተት ያነባል፤ ወተቱም በአየሩ ደርቆ ዕጣን ይሆናል።

ይህ መዓዛ ለምእመኑ ጸሎት፣ ለነጋዴው ሸቀጥ፣ ለኬሚስት ግን ጥያቄ ነው። ሽታውን የሚሰጠው ነገር ምንድን ነው? አንድ ነው ወይስ ብዙ? በሌላ ተክል ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነውን? ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ በአፍንጫና በግምት ሳይሆን በሚጨበጥ ማስረጃ መልስ መስጠትን ለዓለም ካስተማሩት ሰዎች ዋነኛው ጀርመናዊው ኦቶ ቫላህ ነው። ስሙ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ መስመር ተጠቅሶ የሚታለፍ ስለሆነ፣ ሕይወቱንና ሥራውን ከኛው ዕጣን ጋር አያይዞ መተረኩ ለማኅበራችን አባላት ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኦቶ ቫላህ በመጋቢት ወር 1847 በፕሩሲያዋ ከተማ በከኒግስበርግ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ባለሥልጣን ስለ ነበር፣ ቤተሰቡ በሹመት ምክንያት ወደ ሽቴቲን፣ ከዚያም ወደ ፖትስዳም ተዛወረ። ወጣቱ በፖትስዳም ትምህርት ቤት ሳለ ልቡ በሁለት ነገሮች ተከፍሎ ነበር፤ በአንድ ወገን ሥነ ጽሑፍና የሥነ ጥበብ ታሪክ፣ በሌላው ወገን በቤቱ ውስጥ በራሱ እጅ የሚሞክረው ኬሚስትሪ። በ1867 ኬሚስትሪን መርጦ ወደ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዚያን ጊዜ የቤተ ሙከራው የጋዝ መብራት በ11 ሰዓት ማታ ይጠፋ ስለ ነበር፣ ሥራውን በሻማ ብርሃን ይቀጥል እንደ ነበር ይነገራል። በትጋቱም የተነሣ በ1869፣ ገና 22 ዓመቱ ሳለ፣ ከቶሉዊን ስለሚገኙ ውህዶች ባቀረበው ጥናት የዶክትርና ማዕርግ ተቀበለ።

ጌቲንገን በዚያ ዘመን የፍሪድሪክ ቮለር ዩኒቨርሲቲ ነበር። ይህም ለታሪካችን ትልቅ ትርጉም አለው። ቮለርና ጓደኛው ዩስቱስ ሊቢህ በ1832 የመራራ ለውዝን ዘይት መርምረው፣ ለዘይቱ ሽታውን የሰጠው አንድ የተወሰነ ውህድ መሆኑን፣ ይህም ውህድ በአየር ውስጥ ኦክሲጅን ወስዶ ወደ ቤንዞይክ አሲድ እንደሚለወጥ አሳይተው ነበር። ዛሬ ቤንዛልዲሃይድ የምንለው ይኸው ነው። አልዲሃይድ ማለት በሞለኪዩሉ ጫፍ ላይ አንድ ካርቦን ከአንድ ሃይድሮጂን ጋር የተያያዘና ከኦክሲጅን ጋር በድርብ የታሰረ ሆኖ የሚገኝበት ውህድ ነው። በኛም ጓዳ የቀረፋው ሲናማልዲሃይድ፣ የከሙኑ ኩሚናልዲሃይድ፣ ለጠጅ ሣር የሎሚ ሽታ የሚሰጠው ሲትራል ከዚሁ ወገን ናቸው። እንግዲህ ቫላህ ትምህርቱን የጀመረው፣ መዓዛ የኬሚስትሪ ጉዳይ መሆኑ በመጀመሪያ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች በአንዱ ጥላ ሥር ነበር።

ከምረቃው በኋላ ጥቂት ጊዜ በበርሊን በረዳትነት ሠርቶ፣ በ1870 ወደ ቦን ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ታላቁ ኦገስት ኬኩሌ ዘንድ ተጠራ። ብዙ ሳይቆይ የጀርመንና የፈረንሳይ ጦርነት ተነሣና ለውትድርና ሄደ። ከጦርነቱ መልስ በበርሊን በአንድ የቀለም ኬሚካል ፋብሪካ ሥራ ያዘ። ነገር ግን ተፈጥሮው ደካማ ስለ ነበር የፋብሪካውን ጢስና ትነት ሊቋቋመው አልቻለም። በ1872 ወደ ቦን ተመለሰና በዚያው 17 ዓመት ያህል ኖረ፤ በ1876 በፕሮፌሰርነት ተሾመ። ሚስት አላገባም፤ ዕድሜውን በሙሉ ከቤተ ሙከራውና ከተማሪዎቹ ጋር አሳለፈ።

የሕይወቱ መንገድ የተለወጠው ሳያስበው በመጣ ግዴታ ነው። በ1879 የመድኃኒት ቅመማን ትምህርት እንዲያስተምር ታዘዘ። እርሱ የንጹሕ ኬሚስትሪ ሰው እንጂ የመድኃኒት ቀማሚ አልነበረም። ለትምህርቱ ሲዘጋጅ ግን፣ ኬኩሌ በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሮ ለብዙ ዓመታት ያልነካቸውን የመዓዛ ዘይት ጠርሙሶች አገኘ። በዘመኑ በመድኃኒት ቤት የሚሸጡ፣ ከቅጠልና ከአበባ፣ ከፍሬና ከሙጫ የተነጠሩ ዘይቶች ነበሩ። ቫላህ ይመረምራቸው ዘንድ ፈቃድ ጠየቀ። ኬኩሌም ፈቀደለት፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ቅይጥ አንዳች ጠቃሚ ነገር ይወጣል ብሎ ብዙም አልጠበቀም ነበር። የቤንዚንን ቀለበት ለዓለም የገለጸ ሰው የሸሸውን ሥራ ለመጀመር ድፍረት ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትም ያስፈልግ ነበር።

የጊዜው ችግር ምን እንደ ነበር እንመልከት። ከተናኝ ዘይቶቹ ውስጥ 10 የካርቦንና 16 የሃይድሮጂን አቶሞች ያሏቸው፣ ቴርፒን የሚባሉ ፈሳሾች ይገኙ ነበር። ሁሉም ተቀራራቢ በሆነ ሙቀት ይፈላሉ፤ ሁሉም በአየርና በአሲድ ቶሎ ይለወጣሉ። በመሆኑም አንድ ተመራማሪ ከአንድ ተክል ባነጠረ ቁጥር አዲስ ነገር ያገኘ እየመሰለው በተክሉ ስም አዲስ ስም ያወጣለት ነበር። ከሎሚ የተገኘው ሲትሪን፣ ከብርቱካን ልጣጭ የተገኘው ሄስፔሪዲን፣ ከካራዌይ ዘር የተገኘው ካርቪን ተባለ። ስሙ እየበዛ ሄደ፤ ዕውቀቱ ግን አልጨመረም። አንድ ሰው በየመንደሩ በሌላ ስም ቢጠራ ብዙ ሰው እንደማይሆን ሁሉ፣ አንዱ ውህድም በስም ብዛት ብዙ አይሆንም። ይህን ለመናገር ቀላል ነው፤ ለማረጋገጥ ግን መታወቂያ ያስፈልጋል።

ቫላህ ያንን መታወቂያ ፈለገና አገኘው። ፈሳሹን ደጋግሞ በጥንቃቄ አነጠረ። ከዚያም ከሃይድሮጂን ክሎራይድ፣ ከሃይድሮጂን ብሮማይድ፣ ከብሮሚንና ከናይትሮሲል ክሎራይድ ጋር እያዋሐደ ወደ ክሪስታል ለወጠው። ፈሳሽ ቅይጥነቱን ይደብቃል፤ ክሪስታል ግን ተጣርቶ ሲመዘን የተወሰነ የመቅለጫ ሙቀት ስላለው ማንነቱን አይደብቅም። ሁለት ፈሳሾች አንድ ዓይነት ክሪስታል ከሰጡ፣ ምንጫቸው ሎሚ ይሁን ካራዌይ፣ አንድ ናቸው። በ1884 ማሳተም በጀመረው ተከታታይ ጽሑፍ፣ ከላይ የጠቀስናቸው ሦስቱ ስሞች የአንዱ ውህድ የሊሞኒን ስሞች መሆናቸውን አስረዳ። ዳይፔንቲን የተባለውም ብርሃንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያዞሩት ሁለቱ የሊሞኒን ዓይነቶች በእኩል መጠን ተቀላቅለው የሚገኙበት መሆኑን ገለጸ። ለቁጥር ከሚያስቸግረው የስም ክምችት ውስጥ እንደ ፓይኒን፣ ካምፊን፣ ሊሞኒን፣ ፌላንድሪንና ቴርፒኖሊን ያሉ ጥቂት ጥርት ያሉ ውህዶች ቀሩ። በ1887ም እነዚህ ሁሉ 5 ካርቦን ካለው ከአይዞፕሪን ክፍሎች የተገነቡ መስለው እንደሚታዩ አመለከተ። ይህ ሐሳብ በኋላ በስዊስ አገር በሚሠራው በሊዮፖልድ ሩዚችካ እጅ ተስፋፍቶ የአይዞፕሪን ሕግ ተባለ፤ ሩዚችካም በ1939 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

የቫላህ ዘዴ ግን ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ሲልቬስትሪን የተባለው፣ እርሱ ከቴርፒኖች ተራ የቆጠረው ውህድ፣ በተክሉ ውስጥ ያልነበረ መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታውቋል። በተክሉ ውስጥ የነበረው ካሪን ነው፤ ሃይድሮጂን ክሎራይዱ ራሱ ሲመረምረው ለወጠው። ይህ ለማንኛውም ኬሚስት የሚሆን ትምህርት ነው፤ መመርመሪያው ተመርማሪውን ሊለውጠው ይችላልና።

በ1889 ቫላህ ቪክቶር ማየርን ተክቶ ወደ ተማረበት ወደ ጌቲንገን ተመለሰና የቮለርን ወንበር ወረሰ። በዚያም አልዲሃይዶችንና ኪቶኖችን በፎርሚክ አሲድ አማካይነት ወደ አሚን የሚለውጠውን የሎይካርትን አሠራር አስፋፋ፤ እስከ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል። ከውጭ አገር ሳይቀር ተማሪዎች ወደ እርሱ ይጎርፉ ነበር፤ በ1937 የኖቤል ተሸላሚ የሆነው እንግሊዛዊው ዋልተር ሃዎርዝ አንዱ ነው። በ1909 የ25 ዓመት ጥናቱን ስለ ቴርፒንና ካምፎር በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ጠቀለለው። በ1910 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት፣ በ1912 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የዴቪ ሜዳይ ተሰጠው።

የኖቤል ሽልማቱ የተሰጠው ለሳይንስ ብቻ ሳይሆን ለኢንዱስትሪ ለዋለው ውለታም ጭምር ነው። ከእርሱ ሥራ በፊት የመዓዛ ዘይት ንግድ የተመሠረተው በአሽታቹ አፍንጫና በሻጩ ቃል ላይ ነበር። ተርፐንታይን የተቀላቀለበትን ዘይት ከንጹሑ መለየት አስቸጋሪ ነበር። ቴርፒኖቹ ሲታወቁ ግን የቀረውን፣ ይኸውም ኦክሲጅን ያለበትን ክፍል፣ ለይቶ መመልከት ተቻለ። በላይፕሲግ የሺመል ኩባንያ ኬሚስቶች፣ በሌላም ስፍራ ቲማንና ዜምለር፣ የመዓዛው ዋና ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ አልኮሎች፣ አልዲሃይዶችና ኤስተሮች መሆናቸውን አስረዱ።

ኤስተር ማለት አሲድና አልኮል ተዋሕደው ውሃ ሲወጣላቸው የሚገኝ ውህድ ነው። የላቬንደርና የቤርጋሞት ዘይት ዋጋ የሚተመነው በአብዛኛው ሊናሊል አሲቴት በተባለው ኤስተር መጠን ነው። መጠኑን ለማወቅ ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። የተመዘነ ዘይት ከተለካ የፖታሽና የአልኮል ሙሙት ጋር ይፈላል፤ ኤስተሩ ተሰንጥቆ አሲዱ ፖታሹን ይበላል፤ የተረፈው ፖታሽ በአሲድ ይለካል። ሳሙና የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። አልዲሃይድም በበኩሉ ከሶዲየም ባይሰልፋይት ጋር ተጣምሮ ወደ ውሃው ስለሚገባ፣ የዘይቱ ይዘት ምን ያህል እንደ ቀነሰ በማየት ይለካል። ሁለቱም ጠባያቸው በጥንቃቄ እንዲያዙ ያስገድዳል። ኤስተር ከፈላ ውሃና ከአሲድ ጋር ብዙ ከቆየ ወደ አልኮሉና ወደ አሲዱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ረዥም ንጥረት ይጎዳዋል። አልዲሃይድ አየር ሲነካው ወደ አሲድ ይለወጣል፤ ስለዚህ እስከ አፉ በተሞላና በተዘጋ ጥቁር ጠርሙስ መቀመጥ አለበት። ሽቶ፣ ሳሙና፣ ከረሜላና መጠጥ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሁሉ ዛሬም በእነዚህ ሁለት ወገኖች ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ ዕጣናችን እንመለስ። ዕጣን በውሃ የሚሟሟ ሙጫ፣ በአልኮል የሚሟሟ ሬዚንና ጥቂት ተናኝ ዘይት የተደባለቁበት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ገበያ ዕጣን ተብሎ ከሚሸጠው ዘይቱ ተነጥሮ፣ ውስጡ የተገኘው ቴርፒን ኦሊቤን የሚል የራሱ ስም ወጥቶለት ነበር። ቫላህ ይህንንም በመታወቂያ ዘዴው መረመረና ከፓይኒን የተለየ አለመሆኑን፣ ከእርሱም ጋር ዳይፔንቲን እንዳለ አሳየ። ኦሊቤን የሚለው ስምም ከመጻሕፍት ጠፋ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ዕጣን የሚለው ስም ራሱ እንደ ኦሊቤን የብዙ ነገር መሸፈኛ ነበርና። የሶማሌና የዓረብ አገር ዛፎች ዘይት በአብዛኛው በፓይኒንና በመሰሎቹ የበለጸገ ነው። የኦጋዴን ዛፎችም የራሳቸው ቅይጥ አላቸው። የዋልያ መቀር ዘይት ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቴርፒን ሳይሆን ኦክቲል አሲቴት የተባለ ኤስተር ነው። ይህም 8 ካርቦን ያለው ቀጥተኛ አልኮል ከአሴቲክ አሲድ ጋር ተጋብቶ የሚሠራው፣ 10 የካርቦን፣ 20 የሃይድሮጂንና 2 የኦክሲጅን አቶሞች ያሉት፣ የብርቱካን መሰል የፍሬ ሽታ የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ዘሩ ኦክታኖልም አብሮት ይገኛል። ከሬዚኑ ጋር ደግሞ ኢንሰንሶል አሲቴት የሚባል ከበድ ያለ ሌላ ኤስተር አለ፤ በ2008 የታተመ ጥናት በአይጦች ላይ ፍርሃትንና ድብርትን የሚያቀል ጠባይ እንዳሳየ ገልጿል። በአሮጌ መጻሕፍት በሶማሌው ዛፍ ስም የተመዘገቡ አንዳንድ ምርመራዎች ኦክቲል አሲቴት በብዛት ማሳየታቸው፣ የተመረመረው ሙጫ ከዋልያ መቀር ሳይሆን አይቀርም የሚል አሳብ አሳድሯል። የዛፉን ስም ሻጩ ቢያሳስተው እንኳ ኤስተሩ ይመሰክራል ማለት ነው።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገበሬው ለወራት በቆላው ፀሐይ ግንድ እየፋቀ የሰበሰበው ሙጫ የሚሸጠው በቀለሙና በጓሉ መጠን እየተመረጠ ነው፤ በውስጡ ያለው ኤስተር አይለካም። የሚታወቅ ይዘት ያለው ዘይት ግን በይዘቱ ይሸጣል። በሌላው ወገን ዛፉ ራሱ አደጋ ላይ ነው። በየበጋው ያለ ዕረፍት የሚፋቅ ዛፍ ዘሩ ይመነምናል፤ ችግኙን ከብትና እሳት ያጠፉታል፤ ያረጀውን ግንድ ጥንዚዛ ይበላዋል። በ2019 የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት የዋልያ መቀር ደን ወጣት ዛፍ እንደሌለውና በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እንግዲህ ለጥቂት ሙጫ ብዙ ዛፍ ማድማትን የሚተካው መንገድ፣ ከጥቂቱ ሙጫ ውስጥ ያለውን ማወቅና ለእርሱ ተገቢውን ዋጋ ማግኘት ነው። ዛፉን የሚያሳርፈው ባለ መሬት፣ ማሳረፉ እንደማያስርበው ማወቅ አለበትና።

ቫላህ በመጨረሻ ዘመኑ ብዙ ኀዘን አይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስድስት ረዳቶቹ በጦር ሜዳ ወደቁ። በ1915 ከመምህርነቱ ጡረታ ወጣ፤ ምርምሩን ግን አልተወም፤ ለዓመታት በቤተ ሙከራው ይሠራ ነበር። በየካቲት ወር 1931፣ በ83 ዓመቱ፣ በጌቲንገን አረፈ። ሀብት አላከማቸም፤ በስሙም ታላቅ ፋብሪካ አልቆመም። የተወው ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ስም ከመስጠት በፊት ማጥራት፣ ካጠሩ በኋላ መለካት፣ ከለኩም በኋላ ከሌላው ጋር ማነጻጸር።

ይህን ሥርዓት በዋግ ኽምራ ለመፈጸም የኬኩሌ ዓይነት ቁም ሣጥን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ናሙና ከየትኛው ቀበሌ፣ ከምን ዓይነት ዛፍ፣ በስንተኛው ፍቀትና በየትኛው ወር እንደ ተሰበሰበ የተጻፈበት ጠርሙስ፣ በልክ የሚነጠርበት ድስት፣ ጥቂት ፖታሽና ትዕግሥት ነው። ከሰቆጣ ገበያ የተገዛ ዕጣን ከአበርገሌ ይምጣ ከሌላ ቆላ ሳይለይ ቢመረመር ግን፣ ውጤቱ ቫላህ ከመነሣቱ በፊት ወደ ነበረው የስም ክምችት ይመልሰናል። የጠርሙሱ ጽሕፈት ከትንተናው ይቀድማል፤ በቤተ ሙከራ ያለው ባለሙያና በተከዜ ዳር ግንዱን የሚፍቀው ገበሬም ሥራቸው የሚገናኘው በዚያች ወረቀት ላይ ነው።